ያልተፈረመበት አውሮፕላን አይነሣም



ሞተሩ ጤነኛ፣ ጎማው አዲስ፣ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ አውሮፕላን ሃንጋር ውስጥ ቆሞ እንዲበር የማይፈቀድለት ጊዜ አለ። ምንም የተሰበረበት ነገር የለም፤ የጎደለው አንድ ፊርማ ነው። ትናንት ማታ የተቀየረለትን የነዳጅ ፓምፕ ማን እንደገጠመው፣ በየትኛው መመሪያ እንደገጠመው፣ ፓምፑስ ራሱ ከየት እንደመጣ የሚናገረው ወረቀት እስኪሟላ ድረስ ያ አውሮፕላን ሰው አይጭንም። ተሳፋሪው ይህን አያውቅም። እሱ የሚሰማው «በቴክኒክ ችግር ምክንያት በረራው ዘግይቷል» የሚለውን ድምፅ ብቻ ነው፤ ሰዓቱን ያያል፣ ይበሳጫል፣ አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው አየር መንገዱን ያማል።

ዛሬ የምናገረው ስለዚያ ፊርማ ነው። አውሮፕላንን ለበረራ ብቁ አድርጎ ለማቆየት የወጡት ደንቦች መደርደሪያ ይሞላሉ፤ ሁሉንም ዘርዝሬ ላሰለቻችሁ አልመጣሁም። የሁሉም መነሻ ግን አንድ ሐሳብ ነው ብዬ አምናለሁ፦ የማንም ሰው ትውስታ፣ የማንም ሰው ዓይን፣ የማንም ሰው ቅንነት ብቻውን ማስረጃ ሆኖ አይቆጠርም። የተመሰገነ ባለሙያ ቢሆንም፣ ዕድሜውን ሙሉ ያገለገለ ቢሆንም።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። አንድ አውሮፕላን ለበረራ ብቁ ነው የሚባለው ሁለት ነገሮች አንድ ላይ ሲሟሉ ነው። አንደኛው፣ የሚመለከተው ባለሥልጣን ካጸደቀው ንድፍ ጋር አንድ ሆኖ መገኘቱ ነው። ሁለተኛው፣ አሁን ያለበት ሁኔታ ለበረራ የማያሰጋ መሆኑ ነው። አብዛኞቻችን የምናስበው ሁለተኛውን ነው፤ «ይሠራል ወይስ አይሠራም?» እንላለን። ደንቡ ግን አስቀድሞ «የጸደቀው ይህ ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። አንድ መካኒክ ከታዘዘው ብሎን የበለጠ ጠንካራ ብሎን አግኝቶ ቢገጥም አውሮፕላኑን ያሻሻለው ይመስለዋል፤ በደንቡ ግን ብቃቱን አሳጥቶታል። ግትርነት ይመስላል፣ አይደል? ነገር ግን በብዙ አውሮፕላኖች ላይ ሞተርን ከክንፍ ጋር ከሚያያይዙት ፒኖች አንዳንዶቹ ከልክ ያለፈ ኃይል ሲመጣባቸው ሆን ተብሎ እንዲበጠሱ የተሠሩ ናቸው፤ ሞተሩ ሲገነጠል ክንፉንና በውስጡ ያለውን የነዳጅ ታንክ ቀድዶ እንዳይሄድ። እዚያ ቦታ ላይ «የተሻለ» ፒን የገጠመ ሰው መልካም አልሠራም። ንድፍ አውጪው ያሰበውን ሁሉ ሃንጋር ውስጥ ያለው ሰው ሊያውቅ አይችልም፤ እንዲያውቅም አይጠበቅበትም። የሚጠበቅበት ከመመሪያው እንዳይወጣ ነው።

መኪና ያላችሁ ቦሎን ታውቃላችሁ። በዓመት አንድ ቀን ትሰለፋላችሁ፣ ፍሬኑ ይታያል፣ መብራቱ ይታያል፣ ወረቀቱ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ ዓመቱን ሙሉ መኪናው በምን ሁኔታ እንደሚሄድ የሚጠይቃችሁ እምብዛም የለም። የአውሮፕላን የበረራ ብቃት የምስክር ወረቀት እንዲህ አይደለም። ወረቀቱ አውሮፕላኑ ውስጥ በቦታው ተቀምጦ፣ ቀኑም ሳያልፍበት፣ ዛሬ ጠዋት መሠራት የነበረበት አንድ የግዴታ ምርመራ ቢዘለል አውሮፕላኑ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ብቁ አይደለም። ብቃት በየቀኑ የሚታደስ ነገር ነው።

ይህ የአንድ አገር ፈሊጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1919 በፓሪስ የተፈረመው የአየር ጉዞ ስምምነት ድንበር ተሻግሮ የሚበር አውሮፕላን የብቃት ምስክር ወረቀት እንዲይዝ ያስገድድ ነበር። ከዚያ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 7 ቀን 1944 የቺካጎ ስምምነት ተፈረመ፤ ኢትዮጵያም በጉባኤው ተሳትፋለች። የዚያ ስምምነት 31ኛ አንቀጽ የምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው አውሮፕላኑን የመዘገበው አገር መሆኑን ይደነግጋል፤ 33ኛው ደግሞ ሌሎች አገሮች ያንን ወረቀት አክብረው እንዲቀበሉ፣ ነገር ግን ከዓለም አቀፉ ዝቅተኛ መለኪያ በታች ካልሆነ ብቻ እንዲቀበሉ ያዛል። ዝርዝሩ ያለው በስምምነቱ ስምንተኛ አባሪ ነው። በተግባር ሲታይ፣ ቦይንግን መርምሮ ንድፉን የሚያጸድቀው የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ነው፤ ኤርባስን ደግሞ የአውሮፓው የአቪዬሽን ደኅንነት ኤጀንሲ ነው። ገላው ላይ በ«ኢቲ» የሚጀምር ምዝገባ ያለበት አውሮፕላን ግን ብቃቱን ጠብቆ መቆየቱን የሚከታተለው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። የሠራው ኩባንያ የቱንም ያህል ስመ ጥር ቢሆን ይህ ኃላፊነት ወደ እሱ አይዞርም።

አሁን ወደ ጥገናው እንግባ። እያንዳንዱ አየር መንገድ ለእያንዳንዱ የአውሮፕላን ዓይነት የጸደቀ የጥገና ፕሮግራም ሊኖረው ግድ ነው። የሥራው ጊዜ በሦስት ነገር ይለካል፤ በበረራ ሰዓት፣ በመነሣትና በማረፍ ብዛት፣ እንዲሁም በቀን መቁጠሪያ። ሦስት መለኪያ ለምን አስፈለገ ብትሉ፣ ዕቃው የሚያረጀው በተለያየ መንገድ ስለሆነ ነው። ከዋሽንግተን በቀጥታ አዲስ አበባ የሚገባው አውሮፕላን 13 ሰዓት ያህል አየር ላይ ቆይቶ የሚነሣውና የሚያርፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ባሕር ዳር ደርሶ የሚመለሰው በሁለት ሰዓት በማይሞላ በረራ ሁለት ጊዜ ይነሣል፣ ሁለት ጊዜ ያርፋል። ገላው በእያንዳንዱ በረራ በአየር ግፊት ይወጠራል፣ ሲያርፍ ይረግባል፤ ብረቱን የሚያደክመው ይህ መወጠርና መርገብ ነው፣ ሰዓቱ አይደለም። የጎማ ቱቦና ማሸጊያ ደግሞ አውሮፕላኑ ቆሞም ቢሆን ያረጃል፤ ለእሱ ቀን ይቆጠራል። የሚበርበት ቦታም ለውጥ ያመጣል፤ ቦሌን ብቻ ብንወስድ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላን ለመነሣትም ለማረፍም መሬት ላይ የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፤ ሸክሙን የሚችሉት ጎማና ፍሬን ናቸው። በባሕር ዳርቻ ያለ አየር መንገድን የማያስጨንቀው ነገር የአዲስ አበባን መካኒክ ሊያስጨንቀው ይችላል።

ስለዚህ አውሮፕላን በየበረራው ዙሪያውን ይታያል። በጥቂት መቶ የበረራ ሰዓት አንድ ጊዜ ቀለል ያለ ምርመራ ይደረግለታል፤ በአንድ ዓመት ተኩል ወይም በሁለት ዓመት ገደማ ለቀናት ሃንጋር ይገባል፤ በስድስት፣ በስምንት፣ በአሥር ዓመት ደግሞ መቀመጫው፣ ወለሉና የጎን ሽፋኑ ተነቅሎ አጥንቱ እስኪታይ ይፈታል። በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው «ብዙ በተፈታ ቁጥር ይበልጥ አስተማማኝ ነው» ብሎ ያስባል። አይደለም። ደኅና የሚሠራን ነገር መፍታት ራሱ አደጋ ነው፤ የተፈታ ሁሉ ተመልሶ በትክክል መገጠም አለበትና። የዘመኑ የጥገና ፕሮግራም ሲቀረጽ «ይህ ዕቃ መቼ ይበላሻል?» ከማለት በፊት «ቢበላሽ ምን ይከተላል?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ብዙ ነገርም ሳይነካ እንዲተው የሚወሰነው በዚህ ምክንያት ነው።

ተመልሶ ሲገጠም ምን ሊፈጠር እንደሚችል የእንግሊዝን አንድ ሌሊት ላሳያችሁ።

ጁን 1990 ነው፤ ቦታው የበርሚንግሃም አውሮፕላን ማረፊያ፤ ሰዓቱ ሊነጋ ሲል፣ የሰው አእምሮ በጣም በሚደክምበት ጊዜ። የብሪቲሽ ኤርዌይስ አንድ ቢኤሲ አንድ አሥራ አንድ ጄት የካፒቴኑ የፊት መስታወት መቀየር ነበረበት። ሰው አንሶ ስለነበር የሌሊቱ ተረኛ ኃላፊ ሥራውን ራሱ ያዘው። ታታሪ ሰው ነበር፤ ይህን ልብ በሉልኝ። የድሮውን መስታወት የያዙትን 90 ብሎኖች ፈታ፤ አዳዲስ ሊገጥም ፈልጎ አንዱን አሮጌ ብሎን ይዞ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ወረደ። የግምጃ ቤቱ ሰው ለዚያ መስታወት የሚታዘዘው ብሎን ሌላ ቁጥር እንደሆነ ነገረው። እሱ ግን የፈታሁት ይኸው ነው፣ ሲሠራም ኖሯል ብሎ አሰበ። የሚፈልገው ያህል አልተገኘም። መኪና አስነሥቶ በሌላ በኩል ወዳለ፣ ሰው ወደማይጠብቀው፣ ብርሃኑ ደብዛዛ ወደሆነ የመለዋወጫ መደርደሪያ ሄደ። እዚያም አሮጌውን ብሎን ካገኛቸው አዳዲሶች ጋር በዓይኑ እያስተያየ መረጠ። የማንበቢያ መነጽሩን አላደረገም ነበር።

ተመልሶ ሲገጥም መቆሚያው በትክክል አልተቀመጠም፤ ተንጠራርቶ ነው የሠራው። ስለዚህ የብሎኖቹ ራስ ጉድጓዱን በደንብ አለመሙላቱን ማየት አልቻለም። ከ90ዎቹ 84ቱ ውፍረታቸው ከሚፈለገው በ0.66 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነበር። የቀሩት 6 ውፍረታቸው ልክ ሆኖ ርዝመታቸው በ2.5 ሚሊ ሜትር አጠረ። በዚያን ጊዜ ደንብ ይህ መስታወት «ሁለተኛ ሰው ያየዋል» ከሚባሉት ወሳኝ ቦታዎች ውስጥ አልተመደበም ነበር። ስለዚህ የገጠመው ሰው ራሱ ፈረመ፤ ሥራው አለቀ።

ጁን 10 ጠዋት አውሮፕላኑ 81 ተሳፋሪዎችን ይዞ ወደ ስፔኗ ማላጋ ተነሣ። በአሥራ ሦስተኛው ደቂቃ፣ 17,300 ጫማ ላይ፣ የውስጡ ግፊት መስታወቱን ወደ ውጭ ገፍቶ አወጣው። ካፒቴን ቲም ላንካስተር ከወገባቸው በላይ በመስኮቱ ተስበው ወጡ። የበረራ አስተናጋጁ ናይጄል ኦግደን ሮጦ ገብቶ ወገባቸውን ያዘ፤ ሲደክመው ባልደረቦቹ ተተኩ። ሞተዋል ብለው ቢያስቡም አለቀቋቸውም። ረዳት አብራሪው አላስቴር አቺሰን የነፋሱ ጩኸት የመቆጣጠሪያ ማማውን ድምፅ እየዋጠበት አውሮፕላኑን ሳውዝሃምፕተን አሳረፈው። ካፒቴኑ አጥንታቸው ተሰብሮ፣ ብርድ በልቷቸው ተረፉ፤ ወራት ቆይተውም ወደ ሥራ ተመለሱ። ከተሳፋሪዎቹ የሞተ የለም።

የምርመራው ሪፖርት በአንድ ሰው ላይ ብቻ አልጨረሰም፤ ይህም ትልቁ ቁም ነገር ነው። የመለዋወጫ ካታሎጉ እዚያው ነበር፤ ከፍቶ ቁጥሩን ማንበብ ደቂቃዎች ብቻ ይጠይቅ ነበር። ነገር ግን የዚያ ሰው የአሠራር ልማድ እንዲህ መሆኑን ከበላዮቹ ማንም አላየም፤ ኃላፊው ራሱ እንዴት እንደሚሠራ የሚታይበት መንገድ አልነበረም። እንግዲህ ዛሬ አንድ ባለሙያ ወሳኝ የሆነ ቦታ ላይ ሠርቶ ሲጨርስ ሌላ ፈቃድ ያለው ሰው በአዲስ ዓይን አይቶ ካልፈረመ ሥራው አላለቀም የሚባለው በሰው ላይ ጥርጣሬ ስላለን አይደለም። ታታሪ ሰው በሌሊቱ መጨረሻ ምን እንደሚሆን ስለምናውቅ ነው።

ስለ ተረኛ መለዋወጥም ባጭሩ አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1991 በአሜሪካ ሂውስተን አንድ ኤምብራየር አውሮፕላን ጅራቱ ላይ ሥራ ተጀምሮለት ነበር። አንደኛው ቡድን የጅራቱን ግራ ክንፍ የፊት ጠርዝ ከላይ በኩል የያዙትን 47 ብሎኖች ፈታ፤ ተረኛው ሲለወጥ መፈታታቸው በወጉ አልተጻፈም፣ በወጉም አልተነገረም። የሌሊቱ ቡድን ወደ ሥራ የገባው የግራው ጎን እንዳልተነካ አስቦ ነው። ጠዋት አውሮፕላኑ በረረ፣ በሰላምም ደረሰ። በመልሱ በረራ ጠርዙ ተገነጠለ፤ 14 ሰዎች ሞቱ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለው ተረት ከጥገና መመሪያ የወጣ አይመስልም? በሃንጋር ሕግ ያልተጻፈ ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል፤ የተፈታና ያልተጻፈ ብሎን ደግሞ ከዚያም የከፋ ነው።

ወረቀቱ ሥራውን ብቻ ሳይሆን ዕቃውንም ይከተላል። በጄት ሞተር ውስጥ የሚሽከረከሩ ዲስኮች የመነሣትና የማረፍ ጣሪያ ተቆርጦላቸዋል፤ ያ ቁጥር ሲሞላ ዲስኩ ምንም ስንጥቅ ባይኖረውም ይጣላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ዲስክ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ በየትኛው ሞተር፣ በየትኛው አውሮፕላን ስንት ጊዜ እንደተነሣ የሚያሳይ ያልተቋረጠ ታሪክ ሊኖረው ይገባል። ታሪኩ መሃል ላይ ከተቋረጠ፣ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣው ዲስክ ብረታ ብረት ሰብሳቢ ከሚወስደው አይሻልም። ይህን ለማለፍ የሚሞክሩ አልጠፉም። እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ መቀመጫውን ለንደን ያደረገ ነጋዴ ለአሮጌ ቦይንግ 737 እና ለኤርባስ 320 ሞተሮች በሐሰተኛ የምስክር ወረቀት መለዋወጫ ሲሸጥ መኖሩ ተደርሶበት፣ በብዙ አገር ያሉ አየር መንገዶች መጋዘናቸውንና ሞተራቸውን ሲበረብሩ ከረሙ። ዕቃዎቹ ሁሉ የማይሠሩ ናቸው አልተባለም። የተባለው የት እንደነበሩ አይታወቅም ነው፤ ይህ ለማስወገድ በቂ ነው።

የጥገና መመሪያ በግማሽ ሲፈጸም ምን ያህል ጊዜ ተደብቆ ሊቆይ እንደሚችል ጃፓኖች ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1978 አንድ የጃፓን አየር መንገድ ቦይንግ 747 ኦሳካ ላይ ሲያርፍ ጅራቱ መሬት ነካ፤ ከኋላ ያለው የግፊት ግድግዳ ተጎዳ። ጥገናውን ያካሄደው የሠራው ኩባንያ፣ ቦይንግ ራሱ ነበር። ንድፉ አንድ ወጥ ማያያዣ ሰሌዳ ይጠይቃል፤ ሠራተኞቹ ግን ሰሌዳውን ለሁለት ቆርጠው ገጠሙት፤ በዚያ ቦታ ሸክሙን የተሸከመው አንድ ረድፍ ሪቬት ብቻ ሆኖ ቀረ። አውሮፕላኑ በዚያ ሁኔታ ሰባት ዓመት፣ ከ12,000 ጊዜ በላይ በረረ። ኦገስት 12 ቀን 1985 ግድግዳው ተቀደደ፤ 520 ሰዎች ሞቱ፣ የተረፉት 4 ናቸው። አንድ አውሮፕላን ብቻውን የደረሰበት አደጋ ይህን ያህል ሕይወት የቀጠፈበት ሌላ ጊዜ እስከ ዛሬ የለም። «የሠራው ካደሰው ማን ይጠይቀዋል?» የሚል ካለ መልሱ ይኸው ነው።

እስካሁን መካኒኩንና ኩባንያውን ነው ያነሣሁት። ደንብ አውጪውስ? እሱም ይሳሳታል፤ ስሕተቱም ከሁሉ ይሰፋል።

የሃዋይ ደሴቶችን አስቡ። አሎሃ አየር መንገድ ከደሴት ደሴት አጫጭር በረራ ያካሂድ ነበር፤ ጨዋማ አየር፣ በቀን ብዙ መነሣት፣ ብዙ ማረፍ። እ.ኤ.አ. በ1969 የተሠራ አንድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን ኤፕሪል 28 ቀን 1988 ሲነሣ ከ89,000 በላይ በረራ ቆጥሮ ነበር። በ24,000 ጫማ ላይ የጣሪያው 5 ሜትር ተኩል ያህል ተገሽልጦ ሄደ፤ ተሳፋሪዎች በመቀመጫ ቀበቶ ታስረው ባዶ ሰማይ ሥር ቀሩ። አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ተወስደው አልተገኙም። አውሮፕላኑ አረፈ። ምርመራው ያገኘው የገላው ቆርቆሮዎች የተያያዙበት ማጣበቂያ መልቀቁን፣ ሸክሙ በሪቬቶቹ ላይ መውደቁን፣ በየሪቬቱ ቀዳዳ ጥቃቅን ስንጥቆች ተነሥተው መገናኘታቸውን ነው። የአየር መንገዱ ምርመራ ይህን አላየም። ደግሞም ቦይንግ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ብዙ መገጣጠሚያዎች እንዲታዩ መክሮ ነበር፤ የአሜሪካው ባለሥልጣን ያንን ምክር ወደ ግዴታ ሲለውጥ ግን ከፊሉን መገጣጠሚያ ብቻ አስገደደ።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ወረቀት መለየት አለብን። አምራቹ የሚያወጣው ማስታወቂያ በመሠረቱ ምክር ነው። መንግሥት የሚያወጣው የበረራ ብቃት ትእዛዝ ግን ሕግ ነው፤ ቀነ ገደብ አለው፣ ቀኑ ካለፈ አውሮፕላኑ አይበርም። ከምክር ወደ ትእዛዝ የሚደረገው ጉዞ ገንዘብ ያስወጣል፣ ክርክር ያስነሣል፤ አንዳንዴም ያዘገያል። ሲሠራ ግን ፍጥነቱ ይገርማል። ጁላይ 12 ቀን 2013 ሂትሮው ላይ ሰው ሳይኖርበት ቆሞ የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 ጣሪያው ኋላ በኩል እሳት ተነሣበት። የእንግሊዝ መርማሪዎች ምንጩ የአደጋ ጊዜ ምልክት አስተላላፊው ባትሪ መሆኑን፣ ሽቦዎቹም በባትሪው ሽፋን ሥር ተጨፍልቀው እንደነበር አረጋገጡ። ከእሳቱ በኋላ በሳምንታት ውስጥ የአሜሪካው ባለሥልጣን ትእዛዝ አወጣ፤ አስተላላፊው ከ787ቶች ላይ እንዲወርድ ወይም ሽቦውና ባትሪው እንዲመረመር። በአንድ ኢትዮጵያዊ አውሮፕላን ላይ የተጨፈለቀ ሽቦ የሌላ አገር ሃንጋር ሌሊቱን እንዲሠራ አደረገ ማለት ነው።

ማርች 10 ቀን 2019ን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ከቦሌ ተነሥቶ ቢሾፍቱ አካባቢ የወደቀው ቦይንግ 737 ማክስ አገልግሎት ከጀመረ አራት ወር ያልሞላው አዲስ አውሮፕላን ነበር፤ 157 ሰዎች አለቁበት። የትኛውም ጥገና ንድፉ ላይ የነበረውን ስሕተት ሊያስተካክል አይችልም ነበር። ከዚያ አራት ወር ገደማ ቀድሞ በኢንዶኔዥያ ተመሳሳይ አውሮፕላን ሲወድቅ የአሜሪካው ባለሥልጣን ያወጣው አስቸኳይ ትእዛዝ የበረራ መመሪያው እንዲታረም እንጂ ንድፉ እስኪስተካከል አውሮፕላኑ እንዲቆም የሚል አልነበረም። የራሱ ባለሙያዎች ባሰሉት መሠረት ካልተስተካከለ በአውሮፕላኑ ዓይነት የአገልግሎት ዘመን ውስጥ አሥራ አምስት ያህል አደጋ ሊደርስ እንደሚችል ያውቅ ነበር፤ ይህ ይፋ የወጣው በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ነው። ከቢሾፍቱ በኋላም ቻይናና ሌሎች አገሮች ቀድመው አስቆሙት፤ አሜሪካ የተከተለችው ማርች 13 ነው። አውሮፕላኑ በአሜሪካ እንደገና የተፈቀደው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2020 ነው። የአምራቹ ሠራተኞች በመንግሥት ስም የማጽደቅ ሥራ የሚሠሩበት አሠራርም በዚያው ዓመት መጨረሻ በሕግ ጠበቅ ተደረገ። የእኔ አስተያየት ግልጽ ነው፤ ሁለተኛው አውሮፕላን መውደቅ አልነበረበትም። በሕጉ ውስጥ አቁም ለማለት የሚያስችል ሥልጣን ነበር፤ አልተጠቀሙበትም።

ይህን ሁሉ ስሰማ አውሮፕላን መሳፈር እፈራለሁ የሚል ካለ፣ በተቃራኒው ያስብ። እነዚህ ታሪኮች የተለዩት ሥርዓቱ አብዛኛውን ጊዜ ስለሚሠራ ነው። የአሎሃ አደጋ ያረጁ አውሮፕላኖችን የሚመለከት ሰፊ የፍተሻ ፕሮግራም አስወለደ። የበርሚንግሃሙ መስታወት ደግሞ የሰው ልጅ ድካምና ልማድ በጥገና ትምህርት ውስጥ ራሱን የቻለ ርዕስ እንዲሆን ካደረጉት ታሪኮች አንዱ ነው፤ ዛሬ ብዙ የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ያስተምረዋል።

በመጨረሻ እናንተን በቀጥታ ወደሚነካው ነገር ልምጣ። አውሮፕላን አንድ ነገር ሳይሠራለት መብረር የሚችልበት ጊዜ አለ፤ የጸደቀ ዝርዝር አለው። ዝርዝሩ የትኛው ዕቃ ሳይሠራ፣ በምን ቅድመ ሁኔታ፣ ለስንት ቀን እንደሚበር ይወስናል፤ አንዳንዱ 3 ቀን፣ አንዳንዱ 10፣ አንዳንዱ 120 ቀን። የማንበቢያ መብራታችሁ ላይ «አይሠራም» የሚል ወረቀት ብታዩ አትደንግጡ፤ ተጽፏል፣ ቀኑም ተቆጥሯል። ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ብልሽት ግን ካፒቴኑም፣ ሥራ አስኪያጁም፣ ሚኒስትርም ቢለምን አያልፍም። ስለዚህ በረራችሁ ሲዘገይ በር ላይ የቆመችውን ሠራተኛ አታስጨንቁ፤ ሠርግ ቢኖርባችሁም፣ ቀብር ቢኖርባችሁም፣ ከዱባይ ወይም ከቤይሩት ዓመታት ቆይታችሁ እየተመለሳችሁ ቢሆንም። የሃንጋሩ ሰው የሚሰማው ጫና ከእናንተ ተነሥቶ፣ በእሷ በኩል፣ በአለቆቹ በኩል አድርጎ ነው የሚደርሰው፤ ካታሎጉን ሳይከፍት ብሎን በዓይኑ የሚመርጠው ሰውም በእንዲህ ያለ ጫና ይበዛል።

ሌላም አለ። ጣሪያው በተገሸለጠበት ቀን ሃዋይ ውስጥ ወደ አሎሃ አውሮፕላን ስትገባ የነበረች አንዲት ተሳፋሪ በሩ አካባቢ ገላው ላይ ስንጥቅ አይታ ነበር። ለማንም አልተናገረችም። እናንተ ግን ስትሳፈሩ ስንጥቅ ካያችሁ፣ ከክንፍ ፈሳሽ ሲንጠባጠብ ካያችሁ፣ ያልተለመደ ሽታ ከሸተታችሁ ለበረራ አስተናጋጇ ንገሩ። ምናልባት ምንም ላይሆን ይችላል፤ ምንም አለመሆኑን የሚወስነው ግን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው፤ አይቶም ይፈርምበታል።